ቢጫው ቀለም ሁለቱ ፕሮቲኖች አብረው መኖራቸውን ያረጋግጣል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ላይሶሶሞችን (የሕዋሱን ቆሻሻ ማብላያ ከረጢቶች) በአረንጓዴ፣ የማጠናውን ፕሮቲን ደግሞ በቀይ አቅልሜ በኮንፎካል ማይክሮስኮፕ ምስል አንሥቻለሁ። ሁለቱን ቻናሎች (የየቀለሙን ምስል) ስደርባቸው ብዙ ቢጫ ይታያል፤ ነገር ግን ፊጂ በተባለው የምስል መተንተኛ ሶፍትዌር የፒርሰንን ቁጥር (የሁለቱን ቻናሎች ዝምድና መለኪያ) ሳሰላ አንዱ ምስል 0.78፣ ሌላው 0.31 ይሰጠኛል። ምስሎቹ ከ20 ንብርብሮች ወደ አንድ የተጠቃለሉ ሲሆኑ፣ ስሌቱን የሠራሁት በምስሉ ሙሉ ስፋት ላይ ነው። የትኛውን ልመን?

አንደኛ መልስ፦ ሁለቱንም ለጊዜው አይመኑ። በሕዋሱ አናት ያለ አረንጓዴ ነጥብና ከግርጌው ያለ ቀይ ነጥብ፣ በመካከላቸው ብዙ ማይክሮሜትር እያለ፣ ንብርብሮቹ ሲጠቃለሉ የተደራረቡ ይመስላሉ፤ ስለዚህ ስሌቱን ሳያጠቃልሉ ይሥሩት። ሙሉውን ስፋት መውሰድም ያሳስታል፤ በሁለቱም ቻናሎች ጨለማ የሆነው ባዶ ቦታ አብሮ ሲቆጠር የፒርሰን ቁጥር ያለ አግባብ ከፍ ይላል። እያንዳንዱን ሕዋስ ዙሪያውን ከልለው ለየብቻ ያስሉ።

ሁለተኛ መልስ፦ አረንጓዴ ብቻ የተቀባ ናሙና በቀዩ ቻናል ቅንብር አንሥተው ያውቃሉ? እዚያ ብርሃን ከታየ፣ ከቢጫው ከፊሉ የቀለም መፍሰስ ነው። በ8 ቢት ምስል የብርሃን ጣሪያ የሆነው 255 ላይ የደረሱ ፒክሰሎች ካሉም ብርሃኑን ቀንሰው እንደገና ማንሣት ይሻላል፤ የጠፋው መረጃ በስሌት አይመለስም።

ሦስተኛ መልስ፦ እኅቴ፣ ከሁሉ በፊት ጥያቄሽን ለዪ። ፒርሰን የሚለካው የሁለቱ ብርሃን አብሮ መጨመርና መቀነሱን ነው። የምትፈልጊው ከቀዩ ፕሮቲን ስንት እጁ ላይሶሶም ላይ እንዳለ ከሆነ ግን የማንደርስ ቁጥሮች ይሻሉሻል፤ ሁለት የሆኑትም አረንጓዴው ከቀዩ ጋር፣ ቀዩም ከአረንጓዴው ጋር የሚደራረብበት መጠን ሊለያይ ስለሚችል ነው። እነዚህ ቁጥሮች ብርሃኑ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጠር በሚወስነው ወሰን ላይ እጅግ ስለሚመረኮዙ፣ ወሰኑን በዓይን ከመምረጥ ይልቅ በ2004 በታተመው የኮስቴስ ዘዴ አስወስኚው፤ በፊጂ ውስጥ ያለው ኮሎክ 2 የተባለ መሣሪያ ይሠራዋል። ከዚያም በሕዋሱ ውስጥ ካሬ ቦታ ቆርጠሽ አንዱን ቻናል 90 ዲግሪ አዙሪና ደግመሽ አስዪ፤ ቁጥሩ ካልወረደ መደራረቡ የአጋጣሚ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር አደራ፦ የማይክሮስኮፑ የመለየት አቅም 0.2 ማይክሮሜትር ገደማ ሆኖ ከዚያ ይበልጥ የተቀራረቡ ነገሮችን ስለማይለይ፣ ውጤቱ ምንም ያህል ቢያምር «ፕሮቲኖቹ ተጣብቀዋል» ብለሽ አትጻፊ።

ጠያቂዋ፦ አመሰግናለሁ። 0.78 የሰጠው ምስል ሦስት ሕዋሳት ብቻ ያሉት፣ የቀረው ባዶ ሆኖ አገኘሁት፤ ሕዋሳቱን ለይቼ ንብርብር በንብርብር ሳሰላ ቁጥሩ ከሌላው ምስል ጋር ተቀራረበ። የአንድ ቀለም ናሙናዎቹን ነገ አነሣለሁ።