ፓቭሎቭ ከጨጓራ ወደ አእምሮ የተሻገረው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር፣ ብቸና

ውድ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለፈው ሳምንት ስለ ነርቭ ሥርዓት ሳስተምር አንዲት ተማሪ «ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ ኖቤል የተሸለመው በውሻና በደወል ሙከራው አይደለምን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ምግብ ከደወል ጋር ሲቀርብለት ከርሞ፣ ኋላ ደወሉን ብቻ ሲሰማ ምራቁ ስለሚመጣው ውሻ ማለቷ ነው። ሽልማቱ በ1904 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ስለ ምግብ መፈጨት ላደረገው ምርምር እንደሆነ ነገርኋት። እርሷ ግን በዚህ አላበቃችም፤ «ታዲያ በዚያ ሥራ እስከ ኖቤል የደረሰ ሰው ለምን ትቶት ወደ አእምሮ ሄደ?» አለችኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። በእርግጥ ትቶታልን?

መልስ፦ የፊዚዮሎጂ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

የተከበሩ መምህር፣ እኔ እንደሚገባኝ አልተወውም። ፓቭሎቭ ከመነሻው የሚያጠናው ነርቭን ነበር፤ በ1883 ያቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ እንኳ ስለ ልብ ነርቮች ነው። ወደ ጨጓራም የገባው እጢዎችን የሚያዛቸው ምን እንደሆነ ለማወቅ ነው። በጊዜው ብዙዎች ደንዝዞ በተኛ እንስሳ ላይ በጥቂት ሰዓት ያዩትን ሲጽፉ፣ እርሱ ቀዶ ሕክምናውን በንጽሕና አከናውኖ፣ ውሻው ካገገመ በኋላ ሥራውን ለወራት ይከታተል ነበር።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የምግብ መውረጃውን ቧንቧ በአንገት በኩል ወደ ውጭ ከፍቶ ያደረገው ሙከራ ነው። ውሻው የዋጠው ሥጋ በአንገቱ ቀዳዳ ተመልሶ ይወድቃል፤ ሆኖም ቁራሽ እንኳ ያልደረሰው ጨጓራ ከአምስት ደቂቃ ያህል በኋላ ጭማቂውን ማመንጨት ይጀምራል። ከአንጎል ወደ ጨጓራ የሚወርዱት ቫገስ የተባሉት ነርቮች ሲቆረጡ ግን ይህ ምላሽ ይቀራል። ትእዛዙ ከአንጎል በነርቭ እንደሚወርድ በዚህ ታየ።

ችግር የሆነበት ውሾቹ ገና የአብላያቸውን ኮቴ ሲሰሙ ምራቃቸው መምጣቱ ነው። ሌላው እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ያልፈው የነበረውን ነገር እርሱ ያዘው፤ የምራቅ ጠብታ ይቆጠራልና፣ አእምሮን የሚሰፍርበት ቁና ሆነለት። በ1903 ማድሪድ ላይ ይህንኑ ለጉባኤ አቀረበ፤ ስለ ምግብ መፈጨት በተሸለመበት የኖቤል ንግግሩም አነሣው። በነገራችን ላይ፣ ከደወል ይልቅ የሚያዘወትረው ሜትሮኖም የተባለውን ምት ቆጣሪ ነበር።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

በተባለው እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን ቀርቶአል። በ1902 ለንደን ላይ ቤይሊስና ስታርሊንግ የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች፣ ነርቩ በተቆረጠ የትንሹ አንጀት ክፍል ውስጥ አሲድ ሲጨምሩ ቆሽት እንደ ወትሮው ፈሳሹን አመነጨ። መልእክቱን በደም ያደረሰውን ንጥረ ነገር ሴክሬቲን አሉት፤ ስለ ሆርሞን የምናስተምረው ትምህርት ከዚህ ይጀምራል። የቆሽትን ሥራ በነርቭ ብቻ ሲያስረዳ ለኖረው ፓቭሎቭ ይህ ከባድ ነበር፤ ሆኖም ሙከራውን በራሱ ቤተ ሙከራ አስደግሞ ተቀበለው። ነርቭ ያለ ጥርጥር ገዥ ወደሆነበት ወደ አንጎል ፊቱን ለማዞሩ ይህም አንዱ ምክንያት ይመስለኛል። ደግሞም ፓቭሎቭ ሪያዛን በተባለች የሩሲያ ከተማ የቄስ ልጅ ሆኖ የነገረ መለኮት ትምህርቱን አቋርጦ በ1870 ወደ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ነው፤ ከቅኔ ቤት ወጥቼ ሳይንስ ለተማርሁ ለእኔ ታሪኩ ቅርብ ነው።

የጠያቂው ምላሽ፦ ብቸና

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ክፍል ውስጥ ሎሚ ቆርጬ ምራቁ የመጣውን ተማሪ እጅ አስወጣለሁ። ከዚያም በእነ ፓቭሎቭ ቤተ ሙከራ በወተት ብቻ ያደጉ ቡችሎች ሥጋ ሲያዩ ምራቃቸው እንዳልመጣ፣ ከቀመሱት በኋላ ግን በማየት ብቻ እንደመጣ እነግራቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ሎሚ የምትቆርጠው ያች ጠያቂ ተማሪ ናት።