ዲስኩ ይታያል፣ ኮምፒውተሩ ግን ከሱ አይነሳም

ሰላም ለሁላችሁ። ዊንዶውስ 10 የተጫነበት የቆየ ዴስክቶፕ አለኝ። ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ ነው። ሐሙስ ማታ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስከፍተው፣ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ» (የሚነሳበት ዲስክ አልተገኘም) የሚል ነጭ ጽሑፍ ብቻ መጣ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ገብቼ ሳይ ቀኑ ወደ 2014 ተመልሷል። የማዘርቦርዱ ባትሪ እንዳለቀ ገባኝና በአዲስ 2032 ቀየርኩት። ሰዓቱ ተስተካከለ፤ ዊንዶውሱ ግን አሁንም አልነሳ አለ።

ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን የሳታ ገመድ ቀየርኩ። የቡት ቅደም ተከተሉንም (ኮምፒውተሩ ከየትኛው ዲስክ ቀድሞ ለመነሳት እንደሚሞክር) አየሁ፤ ዲስኩ በስሙ ይታያል። በፍላሽ ኡቡንቱ የሚባለውን ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሳስነሳ ፋይሎቹ በሙሉ አሉ። የእህቴን የመመረቂያ ጽሑፍ ወዲያው ገለበጥኩት፤ የቤተሰቡ ፎቶ ግን ብዙ ስለሆነ፣ ሌላ ማስቀመጫም ስለሌለኝ እዚያው ቀርቷል። ስለዚህ ፎርማት ማድረግ አልፈልግም።

አንድ ነገር ጠርጥሬያለሁ። ኡቡንቱ የዲስኩ ክፍፍል ኤምቢአር (ዊንዶውስ በድሮው የባዮስ ዘዴ የሚነሳበት የቆየ አከፋፈል) ነው ይላል፤ ባዮሱ ደግሞ አሁን ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ላይ ነው። ባትሪው ሲሞት ሴቲንጉ ወደ ፋብሪካው የተመለሰ ይመስለኛል። ሴኪዩር ቡትን (የታመነ ሶፍትዌር ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገውን ጥበቃ) አጥፍቼ ሲኤስኤምን (የድሮውን የማስነሻ ዘዴ የሚፈቅደውን ሴቲንግ) ባበራ፣ ፎቶዎቹ ሳይነኩ ዊንዶውሱ እንደ ድሮው ይነሳልኛል?