ክርክር፦ ቡናን ዛፍ ላይ እያለ መግዛት ይከልከል ወይስ ይቀጥል?

አወያይ፦
ሰላም የጅማ ልጆች። ትናንት ማታ አንድ አባላችን የለጠፈው ፎቶ ግሩፑን ስላጋጋለው፣ በወጉ እንነጋገርበት ብዬ ለብቻው ከፍቼዋለሁ። ፎቶውን ላላያችሁ፣ ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ነው። ጎማ ወረዳ ያለ አንድ ገበሬ ሐምሌ ላይ 5 ኩንታል እሸት ቡና (ገና ያልደረቀ ቀይ ፍሬ) በኪሎ 45 ብር ሒሳብ ሸጦ 22,500 ብር ተቀብሏል። ርክክቡ ኅዳር መጨረሻ ነው። ሦስት ምስክሮች ፈርመዋል፤ የሻጩ ግን በሐምራዊ ቀለም የተረገጠ የአውራ ጣት አሻራ ነው። ከታች በሌላ እስክርቢቶ የተጨመረች መስመር አለች፦ «ቡናው ባይደርስ በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ አድርጌ አስረክባለሁ»። ስሞቹን ለጣፊው ሸፍኗቸዋል፤ እባካችሁ ማንም «እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ እንዳይገልጣቸው። እንዲህ ያለው ግዢ በሕግ ይከልከል ወይስ ሁለት አዋቂ ሰዎች ተስማምተው ያደረጉት ነው ተብሎ ይተው? ስድብ ከግሩፑ ያስወጣል።

የማናው፦
ይከልከል። «ተስማምተው» የምትሉትን ነገር እስቲ ሐምሌ ላይ ገጠር ወጥታችሁ እዩት። ጎተራው ተጠርጓል፣ በቆሎው ገና አልደረሰም፣ መስከረም ላይ ደብተርና ዩኒፎርም ይጠበቃል፣ መሃል ላይ አንድ ሰው ከታመመ አለቀ። ነጋዴው ይህን ቀን ከገበሬው እኩል ያውቀዋል፤ ዝናብ እየመታው ጭቃ ረግጦ የሚመጣውም ለዚሁ ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ! በዚያ ሰዓት 45 ቢለው 45፣ 35 ቢለው 35 ነው።

ሰብሳቢው፦
ከትናንት ማታ ጀምሮ «ደም መጣጭ» ስባል አደርኩ፤ እስቲ አሁን ደግሞ እኔን ስሙኝ። አጋሮ መስመር ላይ እሸትም ጀንፈልም (ከነገለባው የደረቀውን) እሰበስባለሁ። አባቴም ይህንኑ ሲሠራ ነው የኖረው። ሚስቱን ሌሊት 8 ሰዓት ምጥ ሲይዛት ገበሬው የሚደውለው ለማን ነው? ለባንክ? ለወረዳው? ለኔ ነው። በሞተር ብሩን ይዤ የምደርሰው እኔ ነኝ። ልቅሶው ላይም ሠርጉ ላይም አለሁ።

አደጋውንም ቁጠሩልኝ። የፍሬ በሽታ ይገባል፣ በረዶ ፍሬውን ያረግፈዋል። ደህና ሆኖ ከደረሰ ደግሞ ገበያው ከፍ ሲል በጎን ለሌላ ይሸጥና «ዘንድሮ አልያዘም» እባላለሁ። ዋጋውስ? በ1994 ጥቅምት ኒውዮርክ ያለው የቡና ገበያ ላይ አንድ ፓውንድ (ግማሽ ኪሎ ገደማ) ቡና ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ሲወርድ አባቴ በክረምት የከፈለበትን ቡና በኪሳራ ነው የሸጠው። ያኔ ማንም መጥቶ «እናካፍልህ» አላለውም።

የማናው፦
በ2017 የካቲት ያው ኒውዮርክ ከ4 ዶላር በላይ ሲገባስ? አባትህ የከሰረበትን ዓመት ለ23 ዓመት ነገርከን፤ ያተረፈባቸውን ግን አልነገርከንም።

ጀበና፦
😂 ተመታ።

የሕግ ተማሪ፦
ነገሩን በቁጥር እንየው። ለሒሳብ እንዲመች ኅዳር ላይ እሸቱ በኪሎ 80 ገባ እንበል። 500 ኪሎ 40,000 ብር ያወጣል። ነጋዴው የሰጠው 22,500 ነው። ልዩነቱ 17,500 ብር፣ በአራት ወር። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን (የ1952ቱ) ቁጥር 2479 በብድር ውል ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። በዚያ ሒሳብ የ22,500 ብር የአራት ወር ወለድ 900 ብር ነው። አወዳድሩት። ወረቀቱ ላይ «ሽያጭ» ተብሎ ሲጻፍ ግን ይህ ጣሪያ አይነካውም።

ሰብሳቢው ስለ አደጋ ያነሱት ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው የሚያስኬደው። የዋጋው መውረድ በርግጥ እሳቸው ላይ ነው። የበሽታውና የበረዶው ግን አይደለም፤ ያቺ በሌላ እስክርቢቶ የተጨመረች መስመር አደጋውን መልሳ ገበሬው ትከሻ ላይ ጭናዋለች። ቡናው ካልደረሰ እጥፍ! ታዲያ ቅናሹ የምን ዋጋ ነው?

አዲስ ክልከላ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የዚያው ሕግ ቁጥር 1710 የሰውን ችግር፣ የዋህነት ወይም የንግድ ልምድ ማነስ መጠቀሚያ በማድረግ የተገኘ ውል እንዲፈርስ ይፈቅዳል። ከውሉ ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ክስ ማቅረብ ነው።

የሰቃዋ፦
ወንድሜ፣ ከሶ አሸነፈ እንበል። በሚቀጥለው ሐምሌ የማንን በር ነው የሚያንኳኳው? ያንኑ ሰውዬ አይደል? ቀበሌያችን ውስጥ በክረምት ብር የሚያበድሩት ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም አማቾች። አንዱን የከሰሰ ሰው ሌላው ጋ ሲሄድ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል።

ደረሳው፦
አሰላሙ ዓለይኩም። አብዛኞቻችን ሙስሊሞች ስለሆንን የሸሪዓውም ጎን ይነሳ። ብሩን አስቀድሞ ከፍሎ ምርቱን በኋላ መቀበል ሐራም ነው የሚል ካለ ተሳስቷል፤ ሰለም ይባላል፣ የተፈቀደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለቴምር የዓመት የሁለት ዓመት ቀድመው ይከፍሉ ነበር፤ መጠኑ፣ ሚዛኑና ጊዜው ይታወቅ አሉ እንጂ አልከለከሉም። የከለከሉት የአንድን ዛፍ ፍሬ ሳይበስል መሸጥን ነው። እንግዲህ ወረቀቱ «5 ኩንታል ደረጃው ይህን የመሰለ እሸት» ካለ አንድ ነገር፣ «ከወንዝ ማዶ ያለው ማሳዬ የሚሰጠው ቡና» ካለ ሌላ ነገር ነው። «እጥፍ» የምትለዋ መስመር ግን የትኛውም ኪታብ ውስጥ ቦታ የላትም። በሰለም ዕቃው ከጠፋ ገዢው ይታገሳል ወይም የከፈለውን ያህል ይመለስለታል፤ ዕዳ ቀኑ ስላለፈ አይጨምርም።

ሰብሳቢው፦
እጥፏን እኔም አልጽፍም፤ የሚጽፉ ግን አሉ፣ አልዋሽም።

አንድ ነገር ልጨምር። እኔን የምታዩኝ እንደ ባላባት ነው። የምሰጠው ብር የኔ መሰላችሁ? አዲስ አበባ ካለ፣ ቡና ወደ ውጭ ከሚልክ ላኪ የወሰድኩት ነው። ላኪው «በዚህ ቀን ይህን ያህል ካላመጣህ» ይለኛል፤ ዋጋ ሲቆርጥም አያማክረኝም። መርካቶ ያለችው መጋዘኔ ለባንክ የተያዘች ናት።

አስተማሪዋ፦
ለሰብሳቢው አዝናለሁ፤ ግን ከላይ የተጫነ ሰው ሸክሙን ወደ ታች ስላወረደው አይጸድቅም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ሥራ ሲጀምር አንዱ ተስፋ ገበሬው ዋጋ ካወቀ አይታለልም የሚል ነበር። ይኸው ዛሬ የዕለቱን ዋጋ አጋሮ ያለ ሰው ሁሉ በስልኩ ያውቃል። ጣቱን ቀለም ነክሮ የረገጠው ሰውዬም ኅዳር ላይ ከ45 በላይ እንደሚያወጣ ያውቅ ነበር። አልተታለለም፣ ዋጋም አልጠፋውም። ያጣው አራት ወር የሚያቆየውን እህል ነው። ነጋዴው አራት ወር መጠበቅ ይችላል፣ ላኪው ደግሞ ከዚያ በላይ ይጠብቃል፣ ገበሬው አንድ ሳምንት መጠበቅ አይችልም። ሌላው ሁሉ፣ «ውለታው»፣ ልቅሶ መድረሱ፣ «አባቴም ይህንኑ ሲሠራ ነው የኖረው» የሚለው፣ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። ክፉ ሰው ነው አልልም። መልካም ሰውም ቢሆን እዚያ ቦታ ላይ ሲቀመጥ 45 ይላል፤ የሚከለክለው የለማ።

የማናው፦
መምህርት 👏

ጫት ተካዩ፦
ገበሬው መልሱን ከናንተ ቀድሞ አግኝቶታል። ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ቡና በዓመት አንዴ ነው፤ ጫት በዓመት ሁለት ሦስቴ ይቆረጣል፣ ውሃ ካለህ ከዚያም በላይ። ክረምት ላይ የማንም ደጅ አልጠናም አሁን። «ጫት አገር አጠፋ» የምትሉ የከተማ ሰዎች፣ ለምን እንደተተከለ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በነገራችን ላይ ጫቱንም የሚገዛኝ ነጋዴ ነው፣ እሱም ዋጋ ይጥላል። ግን በሚቀጥለው ቆረጣ ለሌላ እሸጣለሁ።

የማኅበር ሰው፦
መፍትሔው የገበሬዎች መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው ልላችሁ ስል እጄ ተያዘ፤ ምክንያቱም የማኅበር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ውስጡን አውቀዋለሁ። ጥሩ የሠሩ አሉ። እዚያው ጎማ ውስጥ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ቡና በ2004 በአፍሪካ ውድድር አንደኛ ወጥቷል፤ ያንን ያመጡት ተራ ገበሬዎች ናቸው። ማኅበር እሸቱን አጥቦ በዩኒየን (በማኅበራቱ ኅብረት) በኩል ሲሸጥ ትርፉ ተመልሶ ይከፋፈላል። ችግሩ ይህ ሁለተኛው ክፍያ የሚመጣው ከወራት በኋላ መሆኑ ነው። የመግዣ ብድራችን ደግሞ ይዘገያል፤ ኅዳር እኩሌታ ላይ ሣጥናችን ባዶ ይሆንና «ነገ ኑ» እንላለን። ቀይ ፍሬ ነገ አያውቅም፣ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ገበሬው ጆንያውን እንደተሸከመ መንገድ ተሻግሮ ለነጋዴ ይሸጣል። ከዚያ ሊቀ መንበራችን በስብሰባ ላይ «ታማኝ ያልሆኑ አባላት» ብሎ ይወቅሰዋል። እሱ ራሱ ቡናውን ለማን እንደሸጠ የሚጠይቀው የለም።

የሰቃዋ፦
እናንተ ወንዶች «ገበሬው፣ ገበሬው» ስትሉ አንድ ሰው የምታወሩ ይመስላል። የመሬት ደብተሩ ላይ እኮ የባልም የሚስትም ፎቶ አለ። ወረቀቱ ላይ ግን አሻራው አንድ ነው። ቤታችን የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ ቡናችን መሸጡን ያወቀችው ኅዳር ላይ ነው፤ አህያ ይዘው ጆንያ ሊጭኑ ሲመጡ። የለቀመችው እሷ፣ የኮተኮተችው እሷ። «ብሩስ?» ስትል አባቴ «ለቤት ወጣ» አላት። ምናልባት እውነቱን ነው፣ ሌላም ቤት ነበረው። እሱ ነጋዴው ፊት ሲቀመጥ ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ነበር የሚያየው። ቤት ሲገባ ግን ጥያቄ አይወድም ነበር። ሕግ ከወጣ ከምስክሮቹ በፊት የሚስት ፊርማ ይጠየቅ። እሷ ብትኖር ኖሮ ቢያንስ 5 ኩንታሉን 2 ታደርገው ነበር።

ጀበና፦
ሚስትም ትፈርም ከተባለ ባል «ፈርሚ» ይላታል፣ ትፈርማለች። በቃ።

የሰቃዋ፦
ሊሆን ይችላል። ግን ታውቃለች። ኅዳር ላይ ከሰው አፍ አትሰማም።

ለቃሚ የነበርኩ፦
ከዳውሮ ለለቀማ ሊሙ እመጣ ነበር። ስለ ገበሬ ስታለቅሱ አነበብኩ፣ ጥሩ ነው። እኛን በኪሎ የሚከፍለን ማን ነው? ያው ገበሬ ነው። ሚዛኑ የሱ ነው፣ የሚያነበውም እሱ ነው። ለጆንያ ብሎ ይቀንሳል፣ ለአረንጓዴ ፍሬ ብሎ ይቀንሳል፤ «ነጋዴው እስኪከፍለኝ» ብሎ ሁለት ሳምንት ያቆየናል። እኛ ደግሞ ወደ አገራችን የምንሳፈርበት ስለሌለን ቁጭ ብለን የምንበላው ከሱ በዱቤ ነው። ሒሳብ ሲሠራ ግማሹ ቀለብ ሆኖ ይገኛል።

የማናው፦
ሁሉም ገበሬ እንደዚያ አይደለም።

ለቃሚ የነበርኩ፦
ሁሉም ነጋዴስ?

አወያይ፦
መልካም። ወደ ጥያቄው እንመለስ፣ ይከልከል ወይስ?

አስተማሪዋ፦
ዝም ብሎ መከልከል ሐምሌን አያጠፋውም። ወረቀቱ ይጠፋል፣ ምስክሩ ይጠፋል፣ ዋጋው ከ45 ወደ 35 ይወርዳል፤ ሕግ የሚጥስ ሰው የፍርሃቱንም ዋጋ ያስከፍላልና። መጀመሪያ ሌላ በር ይከፈት። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደር ፈቅዷል። የማኅበሩ ብድርም መስከረም ሳይሆን ሰኔ ላይ ይድረስ።

የማናው፦
መሬቱን ያስይዝ? ከቡናው ወደ መሬቱ? እኔን አትቁጠሩኝ። ቡናውን ቢያጣ አንድ ዓመት ነው።

የሕግ ተማሪ፦
እሺ፣ የመሃል መንገድ ላቅርብ። ዋጋው ሐምሌ ላይ አይቆረጥ። ነጋዴው ቀብድ ይስጥ፣ ኅዳር ላይ በዕለቱ ዋጋ ይተሳሰቡ፣ ለቆየበት ጊዜ በኪሎ የተወሰነ ብር ይቀነስለት። ወረቀቱ ሁለት ኮፒ ይሁን፤ አንዱ ገበሬው ጋ ይቅር። እጥፍ የሚል ነገር አይጻፍ። ሰብሳቢው፣ በዚህ ይስማማሉ?

ሰብሳቢው፦
ኮፒው ችግር የለውም። የሚስት ፊርማም ይሁን፣ እንዲያውም በኋላ «አላውቅም» ከሚል ያድነኛል። በኪሎ 15 ብር ከተቀነሰልኝ እስማማለሁ።

የማናው፦
15?! 3 ብር።

ሰብሳቢው፦
በ3 ብር ሞተሬ ነዳጅ አይጠጣም። 12።

ደረሳው፦
ቆዩ ቆዩ። ቀብዱ ብድር ከሆነ፣ በብድሩ ምክንያት ከገበያ በታች መግዛት ጥቅም የምታመጣ ብድር ናት፤ ሪባ፣ ማለትም ወለድ። ሽያጭ ነው ካላችሁ ደግሞ ዋጋው ዛሬ ይታወቅ። ከሁለት አንዱን ምረጡ።

ሰብሳቢው፦
ስለዚህ ዋጋውን ዛሬ ልቁረጥ ነው የምትለኝ?

ደረሳው፦
ቁረጥ፤ ግን 45 አትበል።

ሰብሳቢው፦
ስንት ልበል?

የሰቃዋ፦
እሱን እናቴ ትንገርህ። ስልኳን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፤ ዘንድሮ ማሳው በእጇ ነው።