የሐዋሳ የኩላሊት እጥበት ታካሚዎች ረቂቅ፦ 3ኛው ነጥብ ይግባ ወይስ ይውጣ?

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለሆስፒታሉ የምናስገባው ደብዳቤ ሐሙስ ማለቅ አለበት። የመድኃኒቱና የትራንስፖርቱ ነጥብ ላይ ተስማምተናል። የቀረው 3ኛው፣ ስለ ስንፈተ ወሲብ ያልነው ነው። ሐሳብ ስጡ።

ጋሼ፣ የጠዋት ፈረቃ፦ ልጆች፣ እኔ ይውጣ ባይ ነኝ። ሰው የእጥበት ብር አጥቶ እያደረ የመኝታ ጉዳይ ይዘን ብንሄድ ምን ይሉናል?

የሰኞ ከሰዓት፦ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ ግን ይግባ። 34 ዓመቴ ነው። እጥበት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ባለቤቴ ሌላ ሴት የያዝኩ መስሏት ሻሸመኔ እህቷ ጋር ሄዳ ሁለት ወር ቆይታ ነው የተመለሰችው፣ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሐኪም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም፣ በግራም በቀኝም ሰው ተኝቶ ምን ልበል? መጨረሻ ላይ በጓደኛ ምክር ቪያግራ ያለ ማዘዣ ገዛሁና ከእጥበት በመጣሁበት ቀን ማታ ዋጥኩ። ግፊቴ ወርዶ መሬት ላይ ነው ያገኙኝ።

ሲስተር፣ ራሷም ታካሚ፦ እግዜር አተረፈህ! ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ቢሆን ሞትም አለ። መድኃኒቱ ለእኛ ጭራሽ አይሆንም ማለት ግን አይደለም፤ ሐኪም አይቶ በትንሹ፣ ብዙ ጊዜ በ25 ሚሊ ግራም ያስጀምራል። መጀመሪያ ምክንያቱ ይፈለግ። ደም ማነስ አለ፣ ስኳርና ግፊት የደም ሥርና ነርቭ ይጎዳሉ፣ አንዳንዱ የግፊት ኪኒን ራሱ ያመጣዋል፣ ኩላሊት ሲደክም ፕሮላክቲን የሚባል ሆርሞን ይጨምራል፣ የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስትሮን ይቀንሳል። ጭንቀቱ ሌላ። ጋሼ፣ እጥበት ላይ ካሉ ወንዶች ከግማሽ በላይ ይሄ ችግር አለባቸው።

የቅዳሜ ፈረቃ፦ ወንዶች፣ ወንዶች! እኛስ? የወር አበባዬ ከቆመ ዓመት አለፈው። ድርቀቱ፣ ሕመሙ፣ ፍላጎት የሚባል ነገርማ የለም። አንገቴ ላይ ያለውን የእጥበት ቱቦ (ካቴተር) እንዳልነካባት ብሎ ባሌ ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። "ስንፈተ ወሲብ" የሚለው ቃል እኔን አይነካም፣ ይቀየር።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ያደረገች፦ እኔም ልጨምር። አዲስ አበባ ተሠርቶልኝ በ3ኛው ወር የወር አበባዬ መጣ፣ እልልታ ነበር። ለማርገዝ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት እንዳለብኝ፣ ሰውነቴ ኩላሊቱን እንዳይጥል የምውጠው ማይኮፌኖሌት ጽንስ እንደሚጎዳና ቢያንስ 6 ሳምንት ቀድሞ ሐኪም በሌላ መቀየር እንዳለበት የሰማሁት ግን ወረፋ ላይ፣ ከሌላ ታካሚ ነው። በራስ ማቆም ደግሞ አዲሱን ኩላሊት ያሳጣል።

ጸሐፊዋ፦ እና ምን እንጠይቅ? ባለሙያ መጥቶ ሴሚናር ይስጠን?

የሰኞ ከሰዓት፦ ኧረ ተይ! አዳራሽ ውስጥ ማን እጁን ያወጣል?

ሲስተር፦ ሐኪሙ ራሱ ይጠይቀን። እኛ አፍረን እሱም አፍሮ እስከ መቼ?

ጸሐፊዋ፦ እንዲህ ጻፍኩት፦ "በወርሃዊ ክትትል ወንዱም ሴቷም በር በሚዘጋ ክፍል ስለ ወሲብ ጤናና ስለ መውለድ ይጠየቁ፤ ፈቃዳቸው ከሆነ የትዳር አጋር አብሮ ይግባ፤ ችግር ያለበት ወደ ማህፀን ወይም ወደ ዩሮሎጂ (የሽንትና የወንድ ብልት) ሐኪም ይላክ።" ማሽን ግዙ አላልንም። ክፍልና ጥያቄ ነው።

የቅዳሜ ፈረቃ፦ አሁን ገባሁበት። ይሁን።

ጋሼ፣ የጠዋት ፈረቃ፦ እሺ፣ እኔም እፈርማለሁ። ግን የምታመላልሰኝ ሴት ልጄ ናት። እኔን ሲጠይቁኝ እሷ ውጭ ባጃጅ እየጠራች ይሁን።