አስቸኳይ ጥያቄ፦ የሱቃችን ፋይሎች በሙሉ ተቆልፈዋል

የአራዳዋ ባለ ሱቅ
የምታውቁ ሰዎች ቶሎ ድረሱልኝ። ዛሬ ጥር 2 ጠዋት ኮምፒውተሩን ስናበራ የሽያጭ ፕሮግራሙ አልከፈት አለ። የፋይሎቹ ስም እንዳለ ሆኖ በእያንዳንዱ መጨረሻ ትርጉም የሌላቸው ስድስት ፊደላት ተቀጥለዋል። በየፎልደሩ «በ72 ሰዓት ውስጥ በቢትኮይን ካልከፈላችሁ ዋጋው እጥፍ ይሆናል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተቀምጧል። እኛ የሐበሻ ልብስ በጅምላ እናከፋፍላለን፤ ለጥምቀት የወሰዱት ቸርቻሪዎች ዱቤ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የወረቀት መዝገቡን ከተውን ሦስት ወር ሆኖናል። ይህን የሚከፍት ጠንካራ ፀረ ቫይረስ የትኛው ነው? አባቴ ገና አልሰማም።

ጠጋኝ ዘማራኪ
እህቴ፣ በመጀመሪያ የኢንተርኔት ገመዱን ንቀይ፣ ዋይፋዩንም አጥፊ። ከእሱ ጋር የተያያዘ ሌላ ኮምፒውተር ካለ ለይው። ፍላሽ እንዳትሰኪበት። «ፎርማት ላድርገው»፣ ማለትም ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጀምረው፣ የሚል ባለሙያ ቢመጣም እሺ አትበይ።

አዘዞ 7
አሁኑኑ አጥፊው!

ጠጋኝ ዘማራኪ
አዘዞ፣ ገና እየቆለፈ ከሆነ ልክ ነህ፤ ማጥፋቱ የቀረውን ያተርፋል። የእሷ ግን ሌሊቱን ቆልፎ የጨረሰ ይመስላል። አንዳንድ ጊዜ መክፈቻው በማሽኑ ጊዜያዊ ማኅደር ውስጥ ይቀራል፤ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከኔትወርክ ተለይቶ እንደበራ ይቆይ።

መምህር ከኮለል
ጥያቄሽ ከመነሻው መታረም አለበት፣ ልጄ። ፀረ ቫይረስ ሌባውን ያስወጣል እንጂ ሌባው የቆለፈውን ሣጥን አይከፍትም። ኮምፒውተሩ ምን ዓይነት ዊንዶውስ ነው? ዊንዶውስ 7 ከሆነ ማይክሮሶፍት የደህንነት ማሻሻያ መስጠት ያቆመው እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቆላፊ በዓለም ዙሪያ ሆስፒታል ሳይቀር ሲያስቆም ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። ብዙዎቹ የተጎዱት ስላልጫኑት ነው። ሱቅን ወደ ኮምፒውተር ማዛወር ዕቃ ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ማን ይገባል፣ በምን የይለፍ ቃል ይገባል፣ ግልባጩ የት ይቀመጣል የሚለው አብሮ መወሰን ነበረበት።

የድሮ ነጋዴ
እኔ ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ነግጃለሁ፤ መዝገቤን የቆለፈ ሰው የለም። ወደ ወረቀት ተመለሱ።

ጠጋኝ ዘማራኪ
አባባ፣ የእርስዎም መዝገብ አንድ ብቻ ከሆነ ውሃ ቢፈስበት ያው ነው። ጥፋቱ ኮምፒውተር መያዛቸው ሳይሆን ግልባጭ አለመያዛቸው ነው።

ቀሚስ ለባሽ
ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ነው የሚባለው፤ እናንተ ኮምፒውተሩ ላይ ጀመራችሁት እንዴ? እግዚአብሔር ያውጣችሁ፣ እህቴ። ገንዘብ ተቀባያችሁ ማታ ማታ የቀኑን ሒሳብ ለአባትሽ በቴሌግራም አትልክም? የእኛ ትልካለች። ከላከች ፋይሉ ቴሌግራም ላይ አለ፤ በስልክ ክፈቺው።

የአራዳዋ ባለ ሱቅ
ትልካለች! አሁን በአባቴ ስልክ አየሁት፤ እስከ ታኅሣሥ 27 ያለው በሙሉ ይከፈታል። ለገና እረፍት ወጥታ ስለነበር ከ28 ወዲህ ያለው የለም። ብዙ ዕቃ የወጣውም ያን ሰሞን ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 7 ነው። ፕሮግራሙን የጫነው ልጅ ከቤቱ ሆኖ እንዲያስተካክል በሪሞት ዴስክቶፕ ይገባ ነበር፤ የይለፍ ቃሉ የሱቁ ስምና 123 ነው። ይህ ችግር አለው?

አዘዞ 7
ኢንተርኔቱን ንቀይ!

ጠጋኝ ዘማራኪ
አለው እንጂ። እንዲህ ያለ በር በመላው ዓለም ቀንና ሌሊት ይንኳኳል፤ የሚያንኳኳው ሰው ሳይሆን የይለፍ ቃል የሚገምት ፕሮግራም ነው። በዚያ እንደገቡ እገምታለሁ። አሁን ጽሑፉን በስልክ ፎቶ አንሺ። በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር «ኖ ሞር ራንሰም» የሚለውን ድረ ገጽ ክፈቺ፤ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም ዩሮፖልና የኔዘርላንድስ ፖሊስ ከደህንነት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት ነው። የተቆለፈ አንድ ፋይልና ጽሑፉን ስትሰጪው የቆላፊውን ዓይነት ይለያል፤ ለአንዳንዱ በነጻ መክፈቻ አለው፣ ለብዙው የለውም። ባይኖረውም ዲስኩን አውጥታችሁ አስቀምጡት፤ መክፈቻ ከዓመት በኋላ የወጣለት አለ። አትክፈሉ። ከፍለው ቁልፍ ያላገኙ ብዙ ናቸው።

የሒሳብ ሰው
ለጎደሉት ቀናት የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑን ተመልከቺ፤ ዜድ ሪፖርቱ፣ ማለትም የየቀኑ ሽያጭ ድምር፣ በራሱ በማሽኑ ማኅደር ውስጥ ስለሚቀመጥ ኮምፒውተሩ ሲቆለፍ አይነካም። ድምሩን እንጂ ማን በዱቤ እንደወሰደ ግን አይነግርሽም። ለዚያ ቸርቻሪዎቹ ጋ ደውላችሁ በእጃቸው ያለውን ደረሰኝ ፎቶ አንስተው እንዲልኩ ጠይቁ። ዛሬውኑ ይሁን፤ ከጥምቀት በኋላ ደረሰኝ ይጠፋል። ለአባትሽም አሁን ንገሪው፣ እነሱን የሚያውቃቸው እሱ ነው።

መምህር ከኮለል
ለፖሊስም አመልክቱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይህን ድርጊት ይሸፍነዋል፤ ለኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርም ማሳወቅ ይቻላል።

ቀሚስ ለባሽ
በዚያ ኮምፒውተር የባንክ ሒሳብ ወይም ኢሜይል ከፍታችሁ ታውቁ ከነበረ የይለፍ ቃሉን ከስልክ ቀይሩ። በዚያው ማሽን እንዳትቀይሩ።

ጠጋኝ ዘማራኪ
እህቴ፣ የቆላፊው ዓይነት ታወቀ? የተቀጠሉትን ስድስት ፊደላት ጻፊልን።

አዘዞ 7
ሦስት ቀን ሆነ። የአራዳዋ፣ ደህና ናችሁ?