የግእዝ መምህርት ነኝ፤ ከዚህ በላይ ለመማር በየት በኩል ልሂድ?

ብርዕ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ።

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ግእዝ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የሠራሁት በፊሎሎጂ፣ በጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት፣ ነው። ከዚያ ወዲህ በሙያዬ የሰለጠንኩት ነገር የለም። ስልጠናስ በየዓመቱ አለ፤ ስለ ማስተማር ዘዴና ስለ ምዘና። ሻይም አበልም አለው። የምዘና ቅጹን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እሞላዋለሁ። ስለ ግእዝ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ባዮሎጂ የምታስተምር ጓደኛዬ በየጊዜው ሻንጣ ስታዘጋጅ አያታለሁ። ዛሬ ላብራቶሪ፣ ነገ ኮንፈረንስ። የእኛስ የት ነው ያለው?

የምፈልገውን ልናገር። አንድ ብራና አይቼ ዘመኑን ከነምክንያቱ መገመት እፈልጋለሁ። አሁን የምችለው «ፊደሉ የቆየ ይመስላል» ማለት ብቻ ነው። ግሪክኛም መጀመር እፈልጋለሁ። ተማሪዎቼን አክሱም ወስጃቸው የኢዛናን ድንጋይ ስናይ፣ አንዱ በግሪክኛው በኩል ቆሞ «መምህርት፣ ይሄኛውስ ምን ይላል?» አለኝ። አስጎብኚው ነው የገላገለኝ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ለዓመታት ጥያቸው ልሄድ አልችልም። ዕድሜዬም ወደ አርባ እየተጠጋ ነው። ከተማሪዎቼ ደግሞ ከቅኔ ቤት የመጡ በጣም ጎበዞች አሉ። ሲመረቁ «ወዴት እንሂድ?» ይሉኛል፤ መልስ የለኝም። የምታውቁ ካላችሁ እስቲ በሏ።

ከኤልበ ማዶ መለሰ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ የእኔም ጥያቄ ነበር። ጎጃም ቅኔ ቤት ነው ያደግሁት። አሁን ሐምቡርግ ሦስተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። ስለዚህ ነገር ሰው ሲጠይቀኝ ወሬ አላሳጥርም፣ ታገሺኝ።

ሁሉም ሰው የሚጀምረው ከስኮላርሺፕ ነው። እኔ ከነፃው ልጀምር። ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በምትባል ትንሽ ቦታ ሂል የሚባል የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሳት ተጀመረ። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነስተዋል። ነፍሳቸውን ይማርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን የሰጡት እነዚያን መጻሕፍት ለመመዝገብ ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ኢንተርኔት ላይ አሉ። በኢሜይል ትመዘገቢያለሽ፤ ክፍያ የለውም።

እንዴት ትማሪበታለሽ? የተጻፈበት ዘመን የታወቀ መጽሐፍ ምረጪ። የንጉሥ ስም ወይም ዓመተ ምሕረት ያለበት። የካታሎጉን ማብራሪያ ሳታነቢ መጀመሪያ ፊደሉን ብቻ እዪው። የ14ኛውና የ15ኛው ክፍለ ዘመን ጽሕፈት ማዕዘን ማዕዘን ይላል። በጎንደር ዘመን የመጣው ጉልህ የሚባለው ጽሕፈት ግን ትልቅ፣ ክብና ደልደል ያለ ነው። ቁጥሮቹንም አትለፊያቸው፣ ፮ እና ፯ ብዙ ይናገራሉ። ስንት ዓምድ አለው? በገጹ ስንት መስመር? ቀዩ ቀለም የት የት ገባ? በባዶው ቅጠል ላይ ማን ምን ጨመረበት? የመሬት ሽያጭ ነው፣ የንብረት ዝርዝር ነው? ይህን ሁሉ በራስሽ ጻፊና ዘመኑን ገምቺ። ከዚያ ካታሎጉን ክፈቺ። እመኚኝ፣ ከብዙ አዳራሽ ስልጠና ይበልጣል። ለተማሪዎችሽም የቤት ሥራ አድርገሽ ልትሰጪው ትችያለሽ።

ሁለተኛው እዚሁ ሐምቡርግ ያለው «ቤተ መጻሕፍት» የተባለው ፕሮጀክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተጀምሮ እስከ 2040 እንዲቀጥል የታቀደ ነው። በኢትዮጵያና በኤርትራ የተጻፉ ብራናዎችን እየገለጸ በነፃ ይለጥፋል። ጀርመናዊው ሊቅ ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ያሳተመውን የግእዝ መዝገበ ቃላትም እዚያው ታገኚዋለሽ። ችግሩ ሰውየው ግእዙን የፈታው በላቲን ነው። ስለዚህ ከግሪክኛው ጎን ትንሽ ላቲን ቢኖርሽ አይጎዳሽም። የኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት እጅሽ ላይ ካለ እሱን አስቀድሚ፤ ዲልማን ለማመሳከሪያ ነው።

ልብ በይ፤ የፕሮጀክቱ ሰዎች ገለጻውን የሚጽፉት በኤክስኤምኤል ነው፤ ጽሑፍን ኮምፒውተር እንዲረዳው በምልክት የመጻፊያ ዘዴ ነው። ይህን የሚችል የግእዝ ሰው እምብዛም የለም። ግእዝ የሚችለው ኮምፒውተሩን ይሸሻል፣ ኮምፒውተሩን የሚችለው ግእዙ ይጨልምበታል። ከተማሪዎችሽ አንድ ሁለቱ ይህን ቢይዙ ሥራ ፈላጊ ሳይሆን ተፈላጊ ይሆናሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጀርመን ውስጥ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ የለም። መኖሪያውን ነው የምትችይው፣ እሱም ቀላል አይደለም። ዳድ የሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት የሚሰጠው ስኮላርሺፕ አለ፤ ግን የመጨረሻ ዲግሪሽ ከስድስት ዓመት በላይ ከሆነው ብዙ ጊዜ አይቀበሉም። አንቺ ይህን ቀድመሽ ቁጠሪ፤ ተማሪዎችሽም ከአሁኑ ይወቁት። ልጆችሽን ትተሽ ለረጅም ጊዜ መውጣት ካልቻልሽ አጫጭር የምርምር ድጎማዎችን እዪ። ኮሌጅቪል ራሱ ሄክማን የሚባል ለጥቂት ሳምንት የሚሆን አለው፤ በዋናነት ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ነው። ሦስተኛ ዲግሪ ከጀመርሽ ይመለከትሻል።

ማመልከቻ ስትጽፊ «የግእዝ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ» የሚል ትልቅ ርዕስ ይዘሽ አትሂዪ። እንዲህ ያለውን ከመጀመሪያው ገጽ አልፎ የሚያነብልሽ የለም። አንድ ድርሳን ያዥ። ሦስት አራት ቅጂ ፈልጊ። ልዩነታቸው የት ጋ እንደሚጀምር በአንድ ገጽ አሳዪ። ያን ጊዜ ፕሮፌሰሩ ራሱ ይጽፍልሻል።

ልጅ የኔታ መለሰ፦

ውጭ፣ ውጭ፣ አሁንም ውጭ! ሐምቡርግ ያለው ወንድሜ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ግን ፈረንጆቹ የሚቸገሩበትን ነገር እኮ እኛው በር ላይ አለን። ቅኔ የሚቀኝ ስንት ፕሮፌሰር አለ? አንድምታ በቃሉ የሚያወርድ?

እህቴ፣ ከአንድ የኔታ እግር ሥር ቁጭ በይ። ክረምቱን ብቻ ቢሆንም። ከመጀመሪያው የቅኔ ዓይነት ከጉባኤ ቃና ጀምረሽ ሥላሴ እስከሚባለው ብትደርሺ ሰዋስው የምታስተምሪበት ዓይን ይለወጣል። «ሴት አላስተምርም» የሚል ይገጥምሽ ይሆናል። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ጎጃም ውስጥ፣ ያውም ዓይነ ስውር ሆነው፣ ለስንት ወንድ ቅኔ እንደዘረፉና እንዳስተማሩ ንገሪው። ዝም ይላል።

ከቅኔ ቤት የመጡትን ተማሪዎችሽን ደግሞ ገና ካሁኑ የምርምር ባልደረባ አድርጊያቸው። እነሱ ያነባሉ፣ አንቺ ዘዴውን ታሳያቸዋለሽ።

ሰባራ መነጽር መለሰ፦

ሁሉም ጥሩ። ግን ሰርተፊኬት የሌለው ትምህርት ለደረጃ እድገት አይቆጠርም። እኔ ለፍቼ የተማርኩትን ዲኑ «ወረቀቱስ?» አለኝ። ይህንንም አስቡበት።

ከኤልበ ማዶ መለሰ፦

ሰባራ መነጽር፣ እውነትህን ነው። ለዚህ ነው የሠሩትን ማሳተም የሚያስፈልገው። አቅራቢያ ባለ ቤተ ክርስቲያን ያሉ አሥር መጻሕፍትን በሥርዓቱ ገልጾ ለመጽሔት መላክ ይቻላል። ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የራሱ መጽሔት አለው። እዚህ ሐምቡርግ አይቲዮፒካ አለ፤ በነፃ ይነበባል። ያንን ማንም ዲን አይንቀውም።

መጻሕፍቱ አደጋ ላይ ከሆኑ ደግሞ የብሪቲሽ ላይብረሪ ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብት የሚሰጠው ድጋፍ አለ። ዋናው መጽሐፍ ካለበት አገር አይወጣም፤ ፎቶው ብቻ ነው የሚወሰደው። ይህን ለአስተዳዳሪው አስቀድማችሁ ንገሩ። ካህናቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሲያዩ ልባቸው ይደነግጣል፣ ምክንያትም አላቸው።

ብርዕ መለሰች፦

እናንተ ሰዎች ዕድሜ ይስጣችሁ። ልጅ የኔታ፣ የእማሆይን ስም ስታነሳ ሳቅሁም ደስም አለኝ። አባቴም ሁሌ ያነሷቸዋል።

ስለ ግሪክኛው ግን ማንም አልነገረኝም። ጀማሪ ነኝ። ፊደሉን እንኳ በሒሳብ ክፍል ካየሁት አልፌ አላውቅም።

የቶሮንቶዋ መለሰች፦

ይህ የእኔ ድርሻ ይመስለኛል። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ግእዝ ተማሪ ነበርኩ። አዎ፣ ዘፋኙ ዘ ዊኬንድ 50,000 ዶላር የረዳው ያ ትምህርት። እዚያ አጠገቤ የሚቀመጡት የግሪክኛና የላቲን ልጆች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ዳዊት ደግሜ ያደግሁ። ማን ቶሎ እንደሄደ ልንገርሽ? ከግእዝ ወደ ግሪክኛ የሄድኩት እኔ።

መንገዱ ይህ ነው። ፊደሉን በጥቂት ቀን ትይዢዋለሽ። ከዚያ ሰዎች የሚጀምሩበትን የጦርነት ታሪክ ተዪውና መዝሙረ ዳዊትን ክፈቺ። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪክኛው ስለሆነ ቃል በቃል ይከተልልሻል። «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» በቃልሽ አለ አይደል? ግሪክኛው «ማካሪዮስ አኔር፣ ሆስ ኡክ ኤፖሬውቴ ኤን ቡሌ አሴቦን» ነው። ማካሪዮስ ብፁዕ፣ አኔር ብእሲ፣ ሆስ ዘ፣ ኡክ ኢ። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተነካም። አንድ መዝሙር በዚህ መንገድ ስትጨርሺ ሰዋስዉን ግማሹን ሳታውቂው ወስደሽዋል። ቀጥሎ ዮሐንስ ወንጌልን ያዢ፤ «ቀዳሚሁ ቃል ውእቱ» ካልሽበት ጀምሪ።

ለቃል ፍቺ ፐርሲየስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ ነፃ ነው። የግሪክኛውን ቃል ስትነኪው ከየትኛው ግስ እንደመጣና ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሆነ ያወጣልሻል። እንደኛ ርባ ቅምር፣ እንደ ግስ እርባታ፣ አድርገሽ አስቢው።

የክረምት ኮርሶቹን በተመለከተ፦ አቴንስ ያለው የአሜሪካ የክላሲክስ (የጥንታዊ ግሪክና ሮም ጥናት) ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1881 ጀምሮ የቆየ ነው፤ በክረምት መምህራንንም ይቀበላል። ሮም ያለው የአሜሪካ አካዳሚም የክረምት ትምህርት አለው። ሁለቱም ፍርስራሽ ለፍርስራሽ እየዞሩ ማስተማር ይወዳሉ። ውድ ናቸው። በእኔ አስተያየት ማንበብ ሳትጀምሪ ባትሄጂ ይሻላል፤ ቱሪስት ሆነሽ ትመለሻለሽ። ጄኔቫ አጠገብ ያለው ፎንዳሲዮን ሃርት ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎች እዚያው አድረው የሚያነቡበት ቤት ነው፤ ለወጣት ተመራማሪዎች ድጋፍም ይሰጣል። ዕድሜ ስለሚገድብ ለተማሪዎችሽ አስቢው። ግሪክኛና ግእዝ ጎን ለጎን የያዘ ልጅ ሲያመለክት ሌላው ሰው ከሚያቀርበው ፈጽሞ የተለየ ነገር ይዞ ነው የሚቀርበው።

ብርዕ መለሰች፦

ዳዊቱን ዛሬ ማታ እጀምራለሁ። ልጆቹ ሲተኙ። ቅዳሜ ደግሞ ከተማሪዎቼ ጋር ተሰብስበን ከኮሌጅቪል አንድ መጽሐፍ እንገልጻለን፤ ቤተ መጻሕፍታችን ኔትዎርክ የሚኖረው ጠዋት ጠዋት ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ፦ ኤክስኤምኤሉን ለመለማመድ የሚገዛ ፕሮግራም አለ ወይ?

ከኤልበ ማዶ መለሰ፦

አትግዢ። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የሚባለው የኮድ መጻፊያ ነፃ ነው፤ ለጀማሪ ይበቃል። ቤተ መጻሕፍት ያልኩሽ ፕሮጀክት ፋይሎቹን ጊትሀብ በሚባል የፋይል ማጋሪያ ድረ ገጽ ላይ ክፍት አድርጎ ነው የሚያስቀምጣቸው። ከዚያ የምታውቂውን መጽሐፍ ፋይል አውርጂና ከውስጡ አሠራሩን እዪ። ሲቸግርሽ እዚሁ ጻፊልኝ።