«እብጠት» ወይስ «ጉብታ»? የጋላክሲ መሃል ጉዳይ

ጠያቂው፦ «የእብጠቱ የሴርሲክ ቁጥር ባደገ መጠን መሃሉ ይሾላል፣ ጅራቱም ይረዝማል» ይላል ያገኘሁት ዐረፍተ ነገር። የሴርሲክ ቁጥር ድምቀቱ ከመሃል ወደ ዳር እንዴት እንደሚቀንስ የሚናገር ነው አሉ። ግን በጋላክሲ መሃል ያለው እብጠት ጅራት አለው እንዴ?

ሰዋስው፦ ከጅራቱ በፊት «እብጠት» ይታረም። አበጠ ከግዕዙ ሐበጠ ነው፤ ደህና የነበረ አካል ሲነፋ ነው የሚባለው። ያ ግን የአሮጌ ከዋክብት ክምር ነው፤ ምን አሳበጠው? «ጉብታ» በሉት።

ዘግዕዝ፦ ጉብታስ ከ«ጎበጠ» አይደል? ያው በሽታ ነው።

ሰዋስው፦ ጎበጠ በ«ጠ»፣ ጉብታ በ«ታ»። ፊደል ቆጥረን መስሎኝ!

ዘግዕዝ፦ «እምብርት» ብንለውስ? ሕንብርት ጥሩ ግዕዝ ነው።

ፎቶን፦ አይሆንም፤ እምብርት ለኒውክለሱ ያስፈልገናል። እሱ በጉብታው ውስጥ ያለ ነጥብ ነው። ደግሞ «አበጠ» የሚስማማው ዓይነትም አለ፤ በጋላክሲው ጠፍጣፋ ዲስክ ላይ የተጋደመው የከዋክብት ዘንግ ጋዝ ወደ መሃል እየነዳ ቀስ በቀስ የሚያሳድገው። የሴርሲክ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 በታች ነው።

ዘግዕዝ፦ «ሐሰተኛ እብጠት» የሚሉት? ማንን ዋሸ?

ሰዋስው፦ «ጉብታ መሳይ»። አለቀ።

ፎቶን፦ ሥረ ቃሉን ተዉና ከመሃል ያለውን ርቀት አራተኛ ሥር እዩ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ዴ ቮኩለር በ1948 የድምቀቱ ሎጋሪዝም ከርቀቱ አራተኛ ሥር ጋር በቀጥታ መስመር እንደሚወርድ ጻፈ። ሴርሲክ በ1963 አራትን በማንኛውም ቁጥር ተካው። መለኪያው የብርሃኑን ግማሽ የሚይዘው ራዲየስ ነው። ቁጥሩ 4 ሲሆን መሃሉ በዚያ ራዲየስ ካለው ድምቀት 2,100 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ 1 ሲሆን 5 ጊዜ ብቻ። መሾል ማለት ይኸው ነው። ወደ ራዲየሱ 5 እጥፍ ርቀት ስትወጡ ደግሞ ባለ 4ቱ በራዲየሱ ላይ ከነበረው ድምቀት ወደ 1/45 ይወርዳል፣ ባለ 1ዱ ከ1/800 በታች።

ስሌቱን የሚያበላሹ ሁለት ነገሮች አሉ። የሰማዩን ብርሃን አብዝቶ የቀነሰ ሰው ደብዛዛውን ዳር ይቆርጠዋል፤ የከባቢ አየርን ብዥታ በሞዴሉ ውስጥ ያላስገባ ደግሞ ሹሉን ያደንዘዋል። በሁለቱም ቁጥሩ ከእውነተኛው ያንሳል፤ ባለ 4ቱ ባለ 3 መስሎ ይወጣል።

ሰዋስው፦ «ያደንዘዋል» ለቢላ ነው፤ ለብርሃን «ያደበዝዘዋል»።

ፎቶን፦ የሾለ ነገር ይደንዛል። ሹል ያልነው እኮ ድምቀቱን በርቀት የሚያሳየውን ግራፍ ነው!

ጠያቂው፦ ታዲያ ጅራቱም የግራፉ ነው ማለት ነው?

ሰዋስው፦ ቅድሚያ ዐረፍተ ነገሩን «ጉብታ» ብለህ አርመህ መልሰህ ለጥፈው።